ነፃ አንቲቫይረስ ይበቃል ወይስ ላይሰንስ ልግዛ? (የቤት ላፕቶፕ እና ፎቶ ኮፒ ቤት)

ጽጌ_4ኪሎ
ሰላም ቤተሰብ። 4 ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽህፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ሶስት ኮምፒውተር ነው ያለን፣ ሁለቱ ዊንዶውስ 10 አንዱ 11። ጠዋት ከፍተን ማታ እስክንዘጋ የሰው ፍላሽ ነው የምንሰካው፣ የተማሪ አሳይመንት፣ የመመረቂያ ጽሁፍ፣ የውል ረቂቅ፣ ሲቪ፣ ምኑ ቅጡ። ሰሞኑን ሶፍትዌር የሚሸጥ ልጅ መጥቶ በነፃ አንቲቫይረስ እንዲህ አይነት ስራ አይሰራም፣ ለሶስቱም የአመት ላይሰንስ ግዢ አለኝ። ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም፣ በዛ ብር ስንት ደስታ ወረቀት ይገዛል። እቤትም ልጆች የሚማሩበት አንድ ላፕቶፕ አለ። ጥያቄዬ ነፃው ለተራ ሰው ይበቃል ወይ? ለኔ ቢጤ ሱቅስ? ማውጣቱ ግድ ከሆነ አወጣለሁ፣ ግን ለምን እንደማወጣ ማወቅ እፈልጋለሁ። በናታችሁ የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ።

የላፕቶፕ_ሐኪም
ሰላም ጽጌ። እኔ ፒያሳ ጥገና ነው የምሰራው። ለቤቱ ላፕቶፕ ምንም አትግዢ፣ በሙሉ ልቤ ነው የምነግርሽ። ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ድሮ የምናውቀው አይደለም። በ2006 ሲወጣ ስፓይዌር (ሰላይ ፕሮግራም) ብቻ ነበር የሚፈልገው፣ ሙሉ አንቲቫይረስ የሆነው በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ነው፣ የመጀመሪያዎቹን አመታትም ፈተና ላይ ከግርጌ ነበር የሚቀመጠው፣ ዲፌንደር አይረባም የሚለው ወሬ ከዛ ጊዜ የቀረ ነው። አሁን ጀርመን አገር ኤቪ-ቴስት የሚባል ላብራቶሪ አለ፣ በመከላከል፣ ማሽኑን ባለማንቀራፈፍ እና በአጠቃቀም እያንዳንዱን ከ6 ያርማል፣ ዲፌንደር በቅርብ አመታት በተደጋጋሚ 18 ከ18 አምጥቷል። ከሚከፈልባቸው ትልልቆቹ ጋር እኩል ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እኔ ጋ ቫይረስ ገብቶበት የሚመጣ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ዲፌንደሩ ተሸንፎ አይደለም፣ ጠፍቶ ነው የማገኘው። የሚያጠፋው ክራክ ነው፣ ሳይከፈልበት እንዲሰራ ተሰብሮ የሚወጣ ሶፍትዌር ማለት ነው። ኦፊሱ ክራክ፣ ፎቶሾፑ ክራክ፣ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ክራክ፣ ሁሉም ሲጫን መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ ይላል፣ ሰው ያጠፋል መልሶ የሚያበራ የለም። ስላሽ (ያገለገለ) ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ዊንዶውሱን አክቲቬት ያደረገበት መሳሪያ እንዳይያዝበት ይሄን ፎልደር አትፈትሽ ብሎ ዲፌንደርን አዞት ነው የሚሸጥልሽ፣ አንቺ አረንጓዴ ምልክት እያየሽ ሰላም ነው ትያለሽ። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ የፈለግሽውን ውድ ላይሰንስ ብትጭኚ ቀጣዩን ክራክ የሚጭነው ሰው እሱንም ያጠፋዋል።

ስለዚህ ሳትገዢ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ክፈቺ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ግቢ፣ ማኔጅ ሴቲንግስ በይና ሪል ታይም እና ታምፐር ፕሮቴክሽን የሚሉት መብራታቸውን እዪ፣ ከዛ ወደ ታች ወርደሽ ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ክፈቺ፣ እንዳይፈተሹ የታዘዙት ዝርዝር ነው። እዛ ውስጥ አንቺ የማታውቂው ፎልደር ካለ ችግርሽ እሱ ነው።

ቢኒ_ኔትወርክ
ለቤት ያልከው ላይ እስማማለሁ ወንድሜ፣ ለሱቁ ግን ቸኮልክ። ሁለት ነገር አልተነሳም። አንደኛ ዲፌንደር ጉልበቱ ያለው ክላውድ ላይ ነው፣ የማያውቀውን ፋይል ሲያይ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ይጠይቃል። ኦስትሪያ ያለው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ የሚባል ላብራቶሪ ኢንተርኔት ሲኖርና ሲቋረጥ ለየብቻ ይፈትናል፣ ዲፌንደር ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመያዝ አቅሙ በግልፅ ነው የሚቀንሰው። ቢትዲፌንደር የሚባለው ሌላ አንቲቫይረስ እና እሱን የመሳሰሉት ኔት ባይኖርም ብዙም አይወርዱም። እኛ ሰፈር ደግሞ ኔትወርክ ሄደ መጣ የእለት ኑሮ ነው፣ ፍላሽ ግን ኔት ጠፋ ብሎ መሰካቱን አያቆምም።

ሁለተኛ ሰው የማያነበው ነገር አለ፣ አቫስት ፍሪ፣ ኤቪጂ ፍሪ የሚባሉት ለግል መጠቀሚያ ብቻ ነው የተፈቀዱት፣ ለንግድ ቤት አይደለም። ጽጌ ነፃ የሚባል ነገር አውርዳ ሱቅ ላይ ብትጭን ውሉን ጥሳ ነው የምትሰራው። ዲፌንደር ላይ ይሄ ችግር የለም፣ የዊንዶውሱ አካል ስለሆነ።

እኔ ቢሮዎች ላይ ነው የምሰራው፣ ሃያና ሰላሳ ማሽን ሲሆን የትኛው አፕዴት እንዳላደረገ፣ የትኛው ላይ ምን እንደተያዘ አንድ ቦታ ቁጭ ብለህ ካላየህ አትችለውም፣ ያኔ የሚከፈልበት ግድ ነው። ይሄን ሰዎች ለቤት ከሚገዛው ጋር ሲያምታቱት ነው የማየው።

የላፕቶፕ_ሐኪም
የኢንተርኔቱ ነገር ትክክል ነው ቢኒ፣ አልክድህም። ግን መፍትሄ አለው። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን አፕዴት እንደ ተራ ፋይል ሳይቱ ላይ ያስቀምጣል፣ ከመቶ ሜጋ በላይ ነው፣ ኔት ያለበት ቦታ አውርደሽ ሶስቱም ማሽን ላይ ከፍተሽ ትጭኚያለሽ። ኔት ለቀናት በጠፋበት ጊዜ እንደዛ ይደረጋል። ሶስት ማሽን ላለው ሱቅ እሷ ያለችው ብር ለዛ ልዩነት አያወጣም ባይ ነኝ። በዛ ብር ለባካፕ፣ ማለትም የፋይሏን ቅጂ ለማስቀመጥ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ብትገዛ ይሻላታል።

ሄለን_ሂሳብ
ስለ ነፃ ስታወሩ ሁሉንም አንድ ላይ አትጨፍልቁት በናታችሁ። ዲፌንደር ነፃ የሆነው የዊንዶውሱ ዋጋ ውስጥ ስላለ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ከሆነ ቦታ ገንዘብ ማግኘት አለባቸው። አቫስትን እዩት፣ ጃምፕሾት የሚባል እህት ኩባንያ ነበረው፣ ነፃ አንቲቫይረሱን የጫነ ሰው ኢንተርኔት ላይ ምን ምን እንዳየ እየሰበሰበ በዛ በኩል ይሸጥ ነበር። በ2020 ጃንዋሪ ጋዜጠኞች ሲያወጡት ጃምፕሾት ተዘጋ፣ በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈላቸው፣ ለማስታወቂያ እንዲህ ያለ መረጃ እንዳይሸጡም ከለከላቸው። ይጠብቀኛል ብለህ ያስገባኸው ነገር ገመናህን ሲሸጥ ከቫይረሱ በምን ይሻላል? እኔ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ። ደግሞ አቫስት፣ ኤቪጂ፣ አቪራ እና ኖርተን ዛሬ ባለቤታቸው አንድ ነው፣ ጄን ዲጂታል ይባላል፣ አንዱን ትቼ ወደ ሌላው ሄድኩ የሚል ሰው እዛው ግቢ ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜክሲኮ አካባቢ የማውቀው ቢሮ ላይሰንሱ የተከፈለበት፣ ጊዜው ያላለፈበት አንቲቫይረስ ነበራቸው። አንዱ ሰራተኛ የፒዲኤፍ ማስተካከያ ክራክ አውርዶ ከፈተ፣ ማታ ሁሉም ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ የማይታወቅ ፊደል ተጨምሮበት አልከፈት አለ። በየፎልደሩ አንድ ማስታወሻ ተቀምጧል፣ 980 ዶላር ክፈሉ፣ በ72 ሰአት ውስጥ ከሆነ 490። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ራንሰምዌር ነው፣ በአብዛኛው በክራክ ነው የሚዛመተው። በጣም ያሳዘነኝ ባካፕ ነበራቸው እኮ፣ ግን ኤክስተርናሉ ሁልጊዜ ተሰክቶ ስለሚውል አብሮ ተቆለፈ። የሁለት አመት የሂሳብ መዝገብ ከወረቀት ደረሰኝ እንደገና ሲገባ ነበር፣ ልጆቹ ቅዳሜና እሁድ ሳይቀር ሲሰሩ አይቻለሁ።

ስለዚህ የላፕቶፕ_ሐኪም ያለው ላይ ነኝ፣ ሃርድ ዲስኩን ግዢ፣ ግን ገልብጠሽ ስትጨርሺ ንቀይው። ሳይነቀል የሚያድር ዲስክ ባካፕ አይባልም።

ኤርሚ_5ኪሎ
ስማዳቭስ? እኛ ጋ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሁሉም እሱን ነው የሚጠቀሙት፣ ለፍላሽ ምርጥ ነው ይላሉ። ባለፈው ፍላሼ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኖብኝ እሱ ነው ያወጣልኝ። ባይዘዌይ የጠፋ የሚመስለው ፋይል ግን የት ነው የሚሄደው?

የላፕቶፕ_ሐኪም
ኤርሚ ስማዳቭ የኢንዶኔዥያ ነው፣ ቀላል ነው፣ ራሳቸው ሰሪዎቹም ከሌላ አንቲቫይረስ ጎን ደጋፊ እንዲሆን ነው የሰሩት፣ ለብቻው ቤት ጠባቂ አይሆንም። ነፃው ራሱ አፕዴት አያደርግም፣ አንተ ነህ እየሄድክ የምታወርደው፣ ለንግድ ቤት ደግሞ ፕሮ ግዙ ነው የሚሉት።

የሾርትከቱን ቫይረስ ሁላችሁም ብታውቁት ደስ ይለኛል፣ በየቀኑ ሰው ፋይሌ ጠፋ ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያስደርጋል፣ የመመረቂያ ጽሁፉን በገዛ እጁ ያስጠፋል ማለት ነው። ፋይልህ የትም አልሄደም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በተመሳሳይ ስም ሾርትከት ያስቀምጥልሃል፣ አንተ ሾርትከቱን ስትከፍት ቫይረሱ ይነሳና ፎልደሩንም ይከፍትልሃል፣ ስለዚህ ምንም የሆነ አይመስልህም፣ እሱ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ገብቷል፣ ቀጥሎ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይይዛል። ድሮ ፍላሽ ገና ሲሰካ ራሱ ይነሳ ነበር፣ በ2011 ማይክሮሶፍት ለድሮዎቹ ዊንዶውሶች ሳይቀር ያንን ስለዘጋው አሁን የሚያስገባው የኛው ክሊክ ነው። በመሰካት ብቻ አይያዝም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ጽጌ ሰራተኞችሽን እንዲህ በያቸው፣ ፍላሽ ሲሰካ ምንም ሳይነኩ መጀመሪያ ራይት ክሊክ አድርገው ስካን ያድርጉ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ገብተሽ ሂድን አይተምስ እና ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚሉትን አብሪያቸው፣ የተደበቀው ይታያል፣ የፋይሉም አይነት ይታወቃል፣ ሾርትከት ከሆነ ደግሞ ምስሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለው። አሁንም ካልታየ ኦፕሽንስ ውስጥ ፕሮቴክትድ የሆኑ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት ማንሳት ነው። ከዛ እውነተኛውን ፎልደር ወደ ኮምፒውተር ገልብጠሽ ስካን አድርገሽ፣ ፍላሹን ያኔ ፎርማት ማድረግ ይቻላል። ቅደም ተከተሉን አትሳቱ።

ፔንጉዊን_ልደታ
ሁላችሁም ዊንዶውስ ላይ ተጣብቃችሁ ነው። አንድ አሮጌ ማሽን ላይ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሰራውን ሊኑክስ ሚንት ጫኚና የሰው ፍላሽ እዛ ላይ ብቻ ይከፈት። የሾርትከት ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አይነሳም፣ ለዊንዶውስ ነው የተጻፈው። ተጠርጎ የሚታተመው ፋይል ብቻ ወደሌላው ማሽን ይሻገራል። ነፃ ነው፣ የሚገዛ ላይሰንስ የለውም፣ ክራክ የሚባል ጣጣ የለም።

ጽጌ_4ኪሎ
በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም። ፔንጉዊን ሃሳቡ ገብቶኛል ግን እኛ ጋ የሚመጣው የአማርኛ ፋይል ግማሹ በፓወር ግዕዝ የተተየበ ነው፣ ዊንዶውሱ ላይ ራሱ ፎንቱ ከሌለ ይዘበራረቃል፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ገፁ ሲንሸራተት መከራ ነው። ለማየትና ለመቅዳት ብቻ ከሆነ ግን ጥግ ላይ የቆመ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ፣ እሱን ላስብበት።

ብዙ ሰው አሁን ፍላሽ ትቶ በቴሌግራም ነው የሚልክልን። እሱስ ይሻላል ወይስ ያው ነው?

ፔንጉዊን_ልደታ
ይሻላል፣ በተለይ ፒዲኤፍ አድርገው ከላኩ፣ ፎንቱም አይዘበራረቅም። ግን በሱቁ አካውንት ይላክ። ደንበኛው የራሱን ቴሌግራም ያንቺ ኮምፒውተር ላይ እንዲከፍት አትፍቀጂ፣ ሳይዘጋው ይሄዳል፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ሙሉ መልእክቱን ያነባል። እዛ ላይ ምንም አንቲቫይረስ አይደርስለትም።

ጋሽ_መምህር
ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው የምኖረው። የምታወሩትን በጥሞና እያነበብኩ ነው። እኔ ያለኝ ላፕቶፕ ልጄ የሰጠችኝ የቆየ ነው፣ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ድጋፉ አብቅቷል የሚል ጽሁፍ እያወጣ ያስጨንቀኛል፣ ወደ 11 ልቀይር ብል ማሽኑ አይችልም ይለኛል። ለባንክ ሳይሆን ጋዜጣ ለማንበብ፣ ውጭ ካሉት ልጆቼ ጋር ለመነጋገር እና ማስታወሻዬን ለመጻፍ ነው የምጠቀምበት። አንቲቫይረስ ብገዛ ይህ ጉዳይ ይፈታልኛል ወይ? ደግሞ በቅርቡ የማውቀው ሰው በቴሌግራም በስህተት አንተ ጋ የገባ ቁጥር ላክልኝ ብሎኝ ነበር፣ ነገሩ ስላላማረኝ ዝም አልኩት።

ቢኒ_ኔትወርክ
ጋሼ ሰላም ነዎት። ዝም ማለትዎ በጣም ጥሩ ነው፣ ያ ቁጥር የእርስዎ ቴሌግራም መግቢያ ነው፣ ቢልኩት ኖሮ አካውንትዎን ወስደው በእርስዎ ስም ከዘመድ ወዳጅ ብር ይጠይቁ ነበር። የጠየቀዎትም ሰው የራሱ ቀድሞ ተወስዶበት ሊሆን ስለሚችል በስልክ ደውለው ቢነግሩት መልካም ነው። ቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚል አለ፣ እሱን ያብሩትና የራስዎን የይለፍ ቃል ያስገቡ። ከዛ በኋላ ቁጥሩ ቢወጣ እንኳ ብቻውን አያስገባም።

ስለ ዊንዶውሱ፣ አንቲቫይረስ መግዛት ይሄን አይፈታም ጋሼ፣ ግልፁን ልንገርዎ። ዊንዶውስ 10 በፈረንጆች ኦክቶበር 14፣ 2025 ነው ድጋፉ ያበቃው። ዲፌንደሩ ቫይረስ የሚለይበትን አፕዴት እስከ 2028 ማግኘቱን ይቀጥላል፣ ዊንዶውሱ ራሱ ላይ የሚገኝ ቀዳዳ ግን አይደፈንም። በሩ የተሰበረ ቤት ላይ ጎበዝ ዘበኛ እንደማቆም ነው። ዋናክራይ የሚባለውን ራንሰምዌር ያስታውሱ ይሆናል፣ ሜይ 2017 ላይ አለምን ያመሰው፣ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ያቆመው። ማይክሮሶፍት የቀዳዳውን መድፈኛ ከሁለት ወር በፊት ማርች ላይ አውጥቶት ነበር፣ የተጎዱት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው፣ ብዙዎቹ አንቲቫይረስ ነበራቸው።

ማይክሮሶፍት ለቤት ተጠቃሚ የተራዘመ የሴኩሪቲ አፕዴት እስከ ኦክቶበር 13፣ 2026 ይሰጣል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ሴቲንግስዎ እዛው እንዲቀመጥ ከፈቀዱ ክፍያ የለውም፣ ያለበለዚያ 30 ዶላር ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ሲገቡ ኤንሮል የሚል ጽሁፍ ይታይዎታል፣ ልጅዎ በስልክ እያየች ልታስገባዎት ትችላለች። ከዛ በኋላ ደግሞ ለእርስዎ አጠቃቀም ፔንጉዊን ያለው ሊኑክስ ሚንት ልክ የተሰራልዎ ነው፣ ጋዜጣ ማንበብ፣ መነጋገር፣ መጻፍ ሁሉም ይሰራል።

ጽጌ የድጋፉ ማብቃት ያንቺንም ሁለት ማሽኖች ይመለከታል። ዊንዶውስ 10 ያለበት ማሽን ስምንተኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል ወይም ከዛ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕም ካለው ወደ 11 ያልፋል። ካላለፈ ብርሽን ላይሰንስ ላይ ከማፍሰስ ለማሽን ቅያሪ አጠራቅሚ።

ጋሽ_መምህር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ዛሬውኑ ለልጄ እነግራታለሁ።

ኤርሚ_5ኪሎ
እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ ሁለት አንቲቫይረስ ቢጫን አይሻልም? አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል ብዬ ነው።

የላፕቶፕ_ሐኪም
አይሆንም ኤርሚ። ሁለቱም እያንዳንዱን ፋይል ቀድሜ ልፈትሽ ሲሉ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም አንዱ የሌላውን ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ይይዘዋል። ሌላ አንቲቫይረስ ስትጭን ዲፌንደር ራሱ ወደ ኋላ የሚለው ለዚህ ነው። የሆነ ነገር ከጠረጠርክ ማልዌርባይትስ ነፃው አለ፣ የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ስታዘው ብቻ ነው የሚፈትሸው፣ ከዲፌንደር ጋር አይጋጭም። ሁለተኛ ሐኪም ለማየት ያህል።

ጽጌ_4ኪሎ
ዛሬ ሶስቱንም ከፍቼ አየሁ። ሁለቱ ንፁህ ናቸው። ሶስተኛው ግን፣ ደንበኛ የሚጠቀምበት ማሽን፣ ኤክስክሉዥን ውስጥ ሲ ድራይቭ በሙሉ ተጽፏል!! ፎርማት ያደረገልን ልጅ ነው መሰለኝ ያስገባው። አረንጓዴ ምልክቱ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ላጥፋው? አጥፍቼው የሆነ ነገር ቢቆምስ?

የላፕቶፕ_ሐኪም
አሁኑኑ አጥፊው። የሚቆም ነገር ካለ ክራኩ ነው። ካጠፋሽ በኋላ ስካን ኦፕሽንስ ግቢና ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን የሚለውን ምረጪ፣ ማሽኑ ሪስታርት ያደርግና ዊንዶውሱ ሳይነሳ ይፈትሻል፣ ሩብ ሰአት አካባቢ ነው የሚወስደው። ከመጀመርሽ በፊት የተከፈተ ስራ ሴቭ አድርጊ፣ መብራት የሚሄድበት ሰአት አትምረጪ። ከዛ ፉል ስካን፣ እሱ ረጅም ነው፣ ማታ ስትዘጊ ለቀሽው ሂጂ። እዛ ማሽን ላይ ኢሜይል ወይም ባንክ ከፍታችሁ ከነበረ የይለፍ ቃሉን ከሌላ ንፁህ መሳሪያ ቀይሪ፣ ብራውዘር ላይ ሴቭ የተደረገ ፓስወርድ የሚሰርቁ አሉ። ማታ ፉል ስካኑ ብዙ ነገር ካወጣ አትታገዪው፣ ፋይሉን አውጥተሽ ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ሳይት በወረደ እንደ አዲስ ማስጫን ነው የሚሻለው።

ለሰራተኞቹም ስታንዳርድ የሚባለውን አካውንት ክፈቺላቸው፣ አድሚኑ አንቺ ጋ ብቻ ይሁን። ማንም ሰው መጥቶ ክራክ ልጫን ቢል ያንቺን ፓስወርድ ይጠይቀዋል።

ሄለን_ሂሳብ
ጽጌ ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን የሚል እዛው ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ አለ፣ ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ ይባላል፣ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ስታበሪው ያልተፈቀደለት ፕሮግራም ዶክዩመንት ፎልደርሽ ውስጥ ፋይል መቀየር አይችልም። እኛ ቢሮ የሂሳቡ ማሽን ላይ አብርተነዋል።

ጽጌ_4ኪሎ
አበራሁት ሄሉዬ፣ ግን ስካነሩ ፋይል ማስቀመጥ እምቢ አለ፣ ብሎክድ ይላል።

ሄለን_ሂሳብ
አላወቀውም ማለት ነው፣ አትደንግጪ። እዛው ገፅ ላይ አላው አን አፕ የሚል አለ፣ ሪሰንትሊ ብሎክድ አፕስ ስትዪ የስካነሩን ስም ታገኚዋለሽ፣ ፕላሷን ተጫኚ። የማታውቂው ስም ካየሽ ግን እንዳትፈቅጂ፣ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን።

ጽጌ_4ኪሎ
ሰራ። የስካነሩ ብቻ ነው ያለው፣ ሌላ ስም የለም። ኦፍላይን ስካኑን አሁን ልጀምረው ነው፣ ለሻጩም ልጅ ላይሰንሱን እንደማልወስድ ደውዬ ነግሬዋለሁ።